ወንዱን ሴት ያደረግሁበት መጽሐፍ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሬ ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጉልበቴን፤ ሁለተኛው፣ "አሁንማ ጊዜ አለሽ፤ ምን ታነቢያለሽ?" የሚለው። ጉልበቴ እንደነበረ ነው። የማነበውን ደግሞ ሳልደብቅ እናገራለሁ፦ ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት የፍቅር ታሪክ አነባለሁ። አንድ ሁለቱን አይደለም፤ እጄ የገባውን ሁሉ። ይህን ስል ነጠላዋን አፏ ላይ የምትጭን አለች፤ ወሬውን ወደ ሽንኩርት መወደድ የምታዞር አለች። እኔ ግን ስድሳ ዓመት ሞልቶኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው፤ በዚህ ዕድሜ ንባቤን የሚያርምልኝ ሰው አልፈልግም።

ለምን እንደማነበው ግን ታሪክ አለው። ታሪኩም እኔን የሚያስመሰግን አይደለም።

ተወልጄ ያደግሁት አቃቂ ነው። አባቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። እኔ ማተሚያ ቤት የገባሁት በጥረዛ ክፍል ነው፤ የታተመውን ወረቀት አጥፈን፣ ሰፍተን፣ መጽሐፍ የምናደርግበት ክፍል። ሳጥፍ አነባለሁ። ችግሩ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የሚወጣው አሥራ ስድስት ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ በልብ ወለዱ ውስጥ ያለችው ልጅ ልታገባ ስትል ወረቀቱ ያልቅና ቀሪው ሌላ ሰው እጅ ይገባል። "ቀጣዩ ማን ጋ ነው?" እያልኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስዞር አንድ ቀን ጋሽ ተሰማ አዩኝ።

ጋሽ ተሰማ የእርማት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የገቡ፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካካው የሚመስል ሰው።

"አንቺ ልጅ፣ የምታነቢው ታሪኩን ነው ፊደሉን?" አሉኝ።

"ታሪኩን።"

"ፊደሉንስ?"

"ፊደሉማ፣ 'ዐይን' የሚለውን ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት ጽፎታል።"

በሳምንቱ ወደ እርማት ክፍል ተዛወርኩ።

የማውቀውን ሁሉ ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ከሚያነቡት መስመር በታች ጫፉ የተሰበረ የእንጨት ማስመሪያ ያስቀምጣሉ፤ ዓይን ቀድሞ እንዳይሮጥ ነው። አንዴ ለትርጉሙ ካነበቡ በኋላ፣ ያንኑ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ቃል በቃል ይመለሱበታል። "ዓይን ትርጉም ሲያጣ ነው ፊደል የሚያየው" ይሉ ነበር። ከምሳ በኋላ ግጥም አያርሙም፤ የጠገበ ሰው ሁሉም ግጥም ጥሩ ይመስለዋል ብለው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አጥብቀው ያዙኝ። የፊደል ስህተት ከሆነ እናርማለን። ሐሳቡ ግር ካለን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት እናደርጋለን፤ ደራሲው ይጠራል፤ የሚመልሰው እሱ ነው። "እኛ የምናርመው የሰውየውን እጅ ነው አስካለ። ልቡን አይደለም።"

መንግሥት ተለወጠና ሳንሱር ቀረ ተባለ። ያኔ የመጣውን የጽሑፍ ብዛት ዛሬ ለሚወለድ ሰው መንገር ይከብዳል። ጋዜጣው፣ የእስር ቤት ማስታወሻው፣ ልብ ወለዱ በኩንታል ነው የሚገባው። ጋሽ ተሰማ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ ማስመሪያቸውን ይዘው ሄዱ፤ ወንበራቸውን ለእኔ ተዉልኝ። ሳንሱር ግን ያለቀለት መስሎን እንጂ አልሞተም ነበር። በሥራ አስኪያጃችን በአቶ ግርማ ቢሮ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር።

አቶ ግርማ ክፉ ሰው አልነበረም። የሠራተኛ ልጅ ሲታመም በራሱ መኪና ሐኪም ቤት ያደርሳል። ግን ፈሪ ነበር፤ ፍርሃቱን ደግሞ ጥንቃቄ ብሎ ይጠራዋል።

ኮምፒውተር በገባልን ሰሞን ዳዊት የሚባል ወጣት መጣ። የክር ፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው። በእጁ የተጻፈ፣ ትልልቅ ደብተሮችን የሞላ ልብ ወለድ ይዟል። ኮንትራቱን ፈርሞ፣ "እርማቱን የሚሠራው ማነው?" ብሎ ጠይቆ እኔ ክፍል ድረስ መጥቶ ጨበጠኝ። እጁ የግራሶ ሽታ ነበረው። "ስህተት ይበዛበታል፤ እንዳይሰለቹ" አለኝና ሄደ።

ስህተቱ ብዙ ነበር። አልሰለቸሁም። ታሪኩ ስለ ሁለት ወንዶች ነው። ታደሰ ብረት በያጅ ነው፤ ሰለሞን የፋብሪካ ሠራተኞች አውቶቡስ ይነዳል። ጠዋት ጠዋት ታደሰ ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ይቀመጣል። አንድ መቶ ገጽ ያህል የሚያወሩት ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ ነው። እኔም ጓደኝነት መስሎኝ ነበር። ከዚያ የታደሰ ወንድም ሠርግ ሆነና፣ ለሠርጉ የሚለብሰውን ሸሚዝ ሰለሞን ተኮሰለት። "ኮሌታው ላይ ሲደርስ እጁ ዘገየ" ይላል። በቃ፣ ይህችው ናት። ማስመሪያዬን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ስንት የፍቅር ልብ ወለድ አርሜያለሁ፤ ስንት ጨረቃ፣ ስንት እንባ አሳልፌያለሁ፤ አንድ ኮሌታ እንዲህ ያደረገኝ የለም።

እውነቱን ልናገር፤ ደነገጥኩም። እኔም ያደግሁት እንደማንም ነው፤ ስለዚህ ነገር ከስድብ በቀር ቃል ሰምቼ አላውቅም። ግን እያነበብኩ ሳለ የማውቀው ስድብ ለእነዚህ ለሁለቱ አልሆን አለኝ። ለሌላ ሰው እንደተሰፋ ልብስ ሆነ።

አቶ ግርማ ግማሹን አንብቦ ጠራኝ። በሩን ዘጋ።

"አስካለ፣ ይሄን ነገር አይተሽዋል?"

"እያየሁት ነው።"

"ሁለት ወንዶች ናቸው እኮ!"

"አዎ፤ ገብቶኛል።"

"በሕግ ያስጠይቀናል። የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ መኪና እንኳ አያስፈልጋቸውም፣ በእግር ነው የሚወስዱን።" ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። "መፍትሔ አግኝቻለሁ። ሾፌሩን ሴት አድርጊው። ሰለሞን የነበረው ሰላማዊት ይሁን። ሌላው ባለበት ይቀጥል።"

"ደራሲውስ?"

"ተስማምቷል። አነጋግሬዋለሁ።"

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት። ዳዊት የሚሠራበት ፋብሪካ ከእኛ በር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። በምሳ ሰዓት ሄጄ፣ "ተስማምተሃል ወይ?" ማለት እችል ነበር። ጋሽ ተሰማ ቢሆኑ ያደርጉት ነበር። እኔ አልሄድኩም። ያልሄድኩት ስላመንኩት አይደለም፤ ብሄድ ምን እንደሚለኝ ስለማውቅ ነው።

ሥራውን በሦስት ሳምንት ጨረስኩት። ቋንቋችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወንድን ሴት ማድረግ ስም መለወጥ ብቻ አይደለም። ስሙን ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ለወጠው። ግሱን ግን አይችልም። መጣ የነበረው መጣች፣ ሳቀ የነበረው ሳቀች፤ ወደደው የሚለው ወደዳት፣ ቆየኝ የሚለው ቆይኝ፤ ዝርዝሩ፣ ቅጽሉ፣ አገናዛቢው፣ አንድ በአንድ በእጅ ነው። ማፈር ሲገባኝ ተራቀቅሁበት። ቀን ላይ አንድ ምዕራፍ ጨርሼ አንድም የቀረ እንደሌለ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ኮሌታው ላይ ስደርስ ብቻ ቆምኩ። "ኮሌታው ላይ ስትደርስ እጇ ዘገየ።" ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስው አልጎደለውም። ግን ሞተ። ሴት የወንድ ሸሚዝ ብትተኩስ አገር የለመደው ሥራ ነው፤ እጇ ቢዘገይም ደክሟት ይሆናል ብሎ አንባቢው ያልፈዋል። ይህንን እያወቅሁ ገጹን ገለበጥኩ።

መጽሐፉ ታተመ፣ ተጠረዘ፣ ዳዊት ሊረከብ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። መጋዘኑ በር ላይ አንዱን ቅጂ ሰጡት፤ ቆሞ ገለጠው። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። በሁለተኛው ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ በፍጥነት፣ ወደ መሐል፣ ወደ መጨረሻ፣ እንደገና ወደ መሐል። አቶ ግርማ ስብሰባ አለኝ ብሎ ቢሮው አልነበረም።

"ማነው ይሄን የሠራው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"እርስዎ?"

"ተስማምተሃል ብለውኝ ነው።"

"ማንም ምንም አልጠየቀኝም።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ገጹን ወደ እኔ አዞረ። "ጥሩ ሠርተዋል፤ ጥንቁቅ ነዎት። አንድ ብቻ ነው ያመለጠዎት።" በጣቱ አሳየኝ። ታደሰ በሩን ሲከፍትላት፣ "መጣህ?" ይላል። በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ ከዳዊት መጽሐፍ የተረፈው ያ አንድ ቃል ነበር።

መጽሐፉን በካርቶኑ ላይ በቀስታ አስቀመጠው። ደብተሮቹን ብቻ አምጡልኝ አለ፤ ሰጠሁት፤ ሄደ። ቅጂዎቹን አልወሰደም። ዓመት ተቀምጠው በኋላ ለመጠቅለያ ተሸጡ። አንድ ቀን ማረሚያ ቤቱ አጠገብ፣ እስረኛ ጠያቂዎች ከሚገበያዩባት ሱቅ ሻማ ገዝቼ ስፈታው፣ "ሰላማዊት" የሚል ስም ወረቀቱ ላይ አየሁ። ሻማውን ለባለሱቋ መልሼላት ወጣሁ፤ ሴትዮዋ ያበድኩ መስሏታል።

ያን ሰሞን ጋሽ ተሰማ ጋ ሄድኩ። አቃቂ በሰቃ፣ ግቢያቸው ውስጥ ጎመን እየኮተኮቱ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቁጣቸውን ፈልጌውም ነበር። መኮትኮቻውን አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ለምን አልጠየቅሽውም?"

ጎመን ቆርጠው በፌስታል ሰጡኝና ሸኙኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ሥራ መጣ። የአጫጭር ልብ ወለዶች መድብል ነው፤ ከውስጡ አንዱ ስለ ሁለት ወንድ መምህራን። አቶ ግርማ አሁንም በሩን ዘጋ። "እንደዚያኛው አድርጊልኝ። እጅሽ ለምዶታል" አለኝ። ይህቺ "እጅሽ ለምዶታል" የምትል ቃል ከስድብ ሁሉ ከበደችኝ።

"አልሠራም" አልኩት።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የምልዎት ግልጽ ነው። ማተም ካልፈለጉ አያትሙ፤ ፈራሁ ይበሉና ለደራሲው ይመልሱለት። ፍርሃት ነውር አይደለም። የሰው መጽሐፍ ሰርቆ ሌላ ሰው ማድረግ ግን ነውር ነው። እኔ አንዴ ሠርቼዋለሁ፤ አይደገምም።"

"በጽሑፍ አድርጊውና እናያለን!"

በጽሑፍ አደረግሁት። እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ በራሱ እስክሪብቶ፣ "ደራሲው ሳይጠየቅ አንድም ቃል አልለውጥም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ ወደ ደራሲው ስልክ ደወልኩ፤ ሰውየው በማግስቱ መጥቶ ጽሑፉን ይዞ ወጣ። እኔ መጋዘን ተመደብኩ። ደመወዜ አልተነካም። ክረምቱን ሙሉ ከወረቀት ጥቅልና ከአይጥ ጋር አሳለፍኩ። ያስመለሰኝ ያኔ ያወጡት የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ጳጉሜን ሰባት ቀን አድርገው አትመውት ደንበኛው ሊከሳቸው ደረሰ። አቶ ግርማ መጋዘን ድረስ መጣ። "ነይ ውጪ" አለኝ። "ይቅርታ" አላለም። ጡረታ እስከወጣሁባት ቀን ድረስ ግን በሩን ዘግቶ አናግሮኝ አያውቅም።

አሁን ስለማነበው ላውራ።

የእህቴ ልጅ ሕሊና ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። በሰርቪሱ ላይ ልጃገረዶቹ በስልክ የሚቀባበሉት ታሪክ አለ፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ አብዛኛው በብዕር ስም ነው። አንድ ቅዳሜ ስልኳን አቀበለችኝ። "አክስቴ፣ ፊደሉ ያበግንሻል፤ ታሪኩን ግን ተመልከቺው።"

ፊደሉ በእርግጥ አበገነኝ። አራት ነጥብ የሚባል ነገር አያውቁም። የመጀመሪያው ታሪክ ስለ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበር። ሁለቱም ረጅም፣ ሁለቱም ቆንጆ፣ የአንደኛው አባት ባለ ፎቅ። ሐይቅ ዳር ሆቴል ይሄዳሉ። አቃቂ ተወልጄ ስድሳ ዓመት ኖርኩ፤ እንዲህ ያለ ወንድ በመንገዴ አልፎ አያውቅም። በመጨረሻ አንደኛው ሐይቅ ገብቶ ሞተ። በሁለተኛው ታሪክ መኪና ገጨው። በሦስተኛው መርዝ ጠጣ። በአምስተኛው ላይ ስልኩን አስቀምጬ፣ "ኧረ ሕሊና፣ ሰው አለቀ!" አልኩ።

በኋላ ገባኝ። ልጆቹ ሰው የሚገድሉት ስለፈሩ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተቀበረ አንባቢው ይምረናል ብለው ያስባሉ። እንዲያለቅስልን እንጂ እንዲቀናብን አንጻፍ ይላሉ። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ አንባቢን እንዲህ አትለማመጡት። ካልወደደው ይዝጋው።

አንዱ ግን ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። አንዱ ጎማ ይጠግናል፤ አንዱ ሸቀጥ ያዞራል። ውሃ የምትመጣው በሳምንት ሁለቴ ነው፤ ጄሪካኑን ማን ይሸከም በሚል ይጣላሉ። አርባ ገጽ ሙሉ ጭቅጭቅ! አከራያቸው ወንድማማች ይመስሏታል። "እንዲህ የሚዋደዱ ወንድማማቾች አይቼ አላውቅም፤ እናታችሁ የታደለች ናት" ስትላቸው ሁለቱም ጉርሻቸውን ይዘው ይቀራሉ። መጨረሻ ላይ የአንደኛው ወገብ ታመመ። ሌላው ምንም ሳይናገር ሁለቱንም ጄሪካን አንሥቶ ወጣ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኔ እንባ አዘለ። መሳም የለ፣ መሐላ የለ። ከዚህ በላይ ምን የፍቅር ቃል ይጻፋል?

ያንን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር አረምኩት። ግር ያለኝን ጠየቅሁ፤ በሕሊና በኩል ለጸሐፊው ላክሁለት። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፦ "እስከ ዛሬ ስድብ የላከልኝ ብዙ ነው። ነጠላ ሰረዝ የላከልኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።" ከዚያ ወዲህ ይልኩልኛል፤ እሱም፣ ሌሎችም። ስማቸውን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። አርሜ እመልሳለሁ።

ወሬው እድር ደረሰ። ብርቄ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ከስብሰባው በኋላ ከአጥሩ ሥር ያዘችኝ።

"አስካለ፣ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ይሄን የሰዶም ነገር ተይው። ለነፍስሽም አይበጅ።"

"አንብበሽዋል?"

"እግዜር ያውጣኝ!"

"እንግዲያው የምታወሪው ስለማታውቂው ነገር ነው። እኔ ግን ሁለቱንም አንብቤያለሁ፤ ስድቡንም ሰዎቹንም። ስድቡ እነሱን አይመስልም።"

"የተከበርሽ ሴት ነበርሽ እኮ!"

"ነኝ። ባልሽ የሞተ ጊዜ እስከ አርባው አብሬሽ ነው ያደርኩት። ያኔ ስታለቅሺ የያዝሽው ይሄንኑ እጅ ነው። ዛሬም ንጹሕ ነው፤ ታጥቤ ነው የማነበው።"

ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። ይኸው እስከ ዛሬ እኔን ስታይ በሌላኛው መንገድ ትዞራለች። አይቆጨኝም ብል ውሸት ነው። ይቆጨኛል። ግን አልተውም።

ብርቄ ስትዞርብኝ ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዳዊት ፋብሪካውን ትቶ በሰቃ ውስጥ የስፌት መኪና መጠገኛ ከከፈተ ዓመታት አልፈዋል። አውቅ ነበር። እኔም በዚያ በር ላለማለፍ በሌላኛው መንገድ ስዞር ነው የኖርኩት። ለማላውቃቸው ልጆች ጀግና ሆኜ፣ የማውቀውን ሰው ፊት ማየት አቅቶኝ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ፀጉሩ ሸብቷል። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየኝ፤ ወዲያው አወቀኝ።

"እትዬ አስካለ።"

"ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁህ። ተታልዬ አይደለም። ይህን እንድታውቅልኝ ነው።"

የያዘውን ዘንግ በጨርቅ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ።

"ስንት ዓመት ጠልቼዎታለሁ" አለኝ በመጨረሻ።

"ይገባኛል።"

"አሁን ሲመጡ ግን ደክሞኛል፤ ለመጥላትም አቅም ይፈልጋል።" ዱካ ገፋልኝ፤ ተቀመጥኩ።

"ደብተሮቹ አሉህ?"

"አሉ።"

"ስጠኝ። አንተ እንደጻፍከው አርሜ፣ አስተይቤ ልመልስልህ። የሚያትም ባይኖር የሚያነብ አለ፤ እኔ አውቃቸዋለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። "አይሆንም።"

ተነሣሁ። መብቱ ነው።

"ይቀመጡ። ያልኩት መጨረሻው አይሆንም ነው። መጨረሻ ላይ ታደሰን በቃጠሎ ሆስፒታል አስገብቼ ገድዬዋለሁ። የገደልኩት አንዳቸው ከሞተ ያሳትሙልኛል ብዬ ነው። ፈርቼ ነው። እርስዎ ብቻ አይደሉም መጽሐፉን ያበላሹት።"

ከመንገዱ ማዶ የሚኒባስ ረዳት "ሳሪስ፣ ሳሪስ" እያለ ይጣራል። ዳዊት ወደ ጓዳ ገብቶ የደብተሮቹን ጥቅል አመጣ። የመጨረሻውን ደብተር ገለጠ፤ አሥር ገጽ ያህል ቆጥሮ፣ በአንድ ትንፋሽ ቀደደው። ከኋላው ባዶ ወረቀት ነበር። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝና እጁን አሳየኝ፤ የግራሶ ጥቁረት አለበት።

"እጄ ቆሻሻ ነው። እርስዎ ይጻፉ።"

ከቦርሳዬ እርሳስ አወጣሁ።

ዓይኑን ጨፈነ። "ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ" አለ። "ታደሰ ከሆስፒታል ወጣ።"

ጻፍኩ።